ጾመ ሚዛን

አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር ቢሆን ኖሮ ከዕለታት አንድ ቀን ተብሎ ይጀመር ነበር። ይህ ግን ሰኔ በገባ ቁጥር የሚሆን ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን የሚያስታውስ ሰው ሞቶ አልቋል።

ከተማዋ ሁለት ናት። ላይ ከተማ ኮረብታው ላይ፣ ታች ከተማ ወንዙ ዳር። ከላይ የሚጣለው ጉድፍ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ያለው ጉልበት ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። በኮረብታው አናት ላይ ከቤተ መንግሥቱ የሚበልጥ አንድ ጎተራ አለ። ያሠራው ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው ባለጸጋ ነው። ሰውየው በሕይወት ሳለ የወንዙን ዳር ማሳ አንድ በአንድ ጠቅልሎ የራሱ አደረገ። ሊሞት ሲል ነፍሱ ፈራችና እህሉን ለድሃ ልጅ ተናዘዘ። ኑዛዜው «የራበውን ልጅ አብሉ» ይላል። በቃ፣ ሌላ የለውም።

የቃሉ ማጠር ለሹማምንቱ አልተመቸም። ሦስት ቃል የስንት ሹም እንጀራ ሊሆን ነው? «የራበው የተባለው ማን ነው? መራቡንስ ማን አየለት?» ተባባሉና አርባ ቀን መከሩ። በአርባኛው ቀን ባለጸጋው ደጁ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስወልቅበት የነበረውን ድንጋይ አንስተው መለኪያ አደረጉት። ታች ከተማ ድንጋዩን «አባ ሐቁ» ይለዋል፤ በአሽሙር ነው።

ሥርዓቱ ይህ ነው። በታች ከተማ እናቶች ለሥራ ሲወጡ ልጆቻቸውን የሚያውሉባቸው ቤቶች አሉ። ሰኔ ሲገባ የኑዛዜው ሰዎች አንዲት ጥቁር ባቄላ የተቀላቀለችበት ባቄላ የተሞላ ቅል ይዘው ወደየቤቱ ይወርዳሉ። ጥቁሯ ባቄላ የደረሰቻት ልጅ በቤቱ ስም ትመዘናለች። በረጅም ግንድ ጫፍና ጫፍ ሁለት ቅርጫት ተንጠልጥሏል፤ በአንዱ አባ ሐቁ ይቀመጣል፣ በሌላው ልጅቷ። የልጅቷ ቅርጫት ከተነሳ ቤቱ ርቦታል፣ እህል ይሰፈርለታል። ከወረደ ጠግቧል፣ ይመለሳል። ይህ አንድ ነው። መስከረም ላይ ያችው ልጅ እንደገና ትመዘናለች። ያኔ ከወረደች «ይህ ቤት ድኗል» ተብሎ እህሉ ይቆማል። ከተነሳች ደግሞ «ይህ ቤት እህል አባክኗል» ተብሎ እህሉ ይቆማል።

ለዚህ ሁሉ ባለ ሚዛን አለ። ቅርጫት ያዥ አለ። የእንባ ጸሐፊ አለ። ድንጋይ አጣቢ አለ፤ ድንጋይ አጣቢውን የሚቆጣጠርም አለ። ሁሉም ከጎተራው ይበላሉ፤ እነሱን ግን የመዘናቸው የለም።

ታች ከተማም የራሷን ሥርዓት አወጣች። ማንም አላወጀውም፣ ማንም አልጻፈውም። ከሚዛኑ በፊት ሦስት ቀን ጥቁሯ ባቄላ የደረሰቻት ልጅ ውሃ ብቻ ትጠጣለች። ስሙ ጾመ ሚዛን ነው። ከዐቢይ ጾም የሚቀር ሰው አለ፤ ከዚህኛው የቀረ ቤት አልነበረም።

ከነዚህ ቤቶች አንዱ የትርንጎ ነው። አንድ ክፍል ቤት ናት፤ አሥራ አራት ልጆች ይውሉባታል። እናቶቻቸው ላይ ከተማ አሸዋ ይሸከማሉ፣ የሰው ልብስ ያጥባሉ። ጠዋት ልጆቻቸውን ሲያደርሱ ካላቸው አንድ አንድ እፍኝ በትርንጎ ማድጋ ውስጥ ጣል ያደርጋሉ፤ ገብስም ይሁን ሽሮ፣ ያገኙትን። በጋው በዚህ ይታለፋል። ክረምት ሲገባ ግንባታው ይቆማል፣ ልብሱም አይደርቅም፣ እፍኙም ይቀራል። የክረምቱን ሆድ የሚሸፍነው የጎተራው እህል ብቻ ነው።

አምና ጥቁሯ ባቄላ የደረሰችው ለየሻረግ ልጅ ለጥሩወርቅ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ፣ ቀጭን። ጾሟን ጾመች። ቅርጫቷ እንደ ላባ ሲነሳ ባለ ሚዛኑ ብላታ ጓንጉል በእጁ አጨበጨበና «እንዲህ ያለ ጥሩ ረሃብ አይቼ አላውቅም!» አለ። ጥሩወርቅ ያንኑ ቀን ማታ ሞተች። እህሉ የመጣው ከወር በኋላ ነው። መስከረም ላይ ሹማምንቱ ያችኑ ልጅ አምጡ አሉ፤ የለችም ተባሉ። ባዶውን ቅርጫት ሰቀሉት፤ ባዶው ተነሳ። «አባክነዋል» ተብሎ ተጻፈ።

ዘንድሮ ቅሉ መጣ፤ ልጆቹ ተራ በተራ እጃቸውን ከተቱ። ጥቁሯን ባቄላ ያወጣችው አስካል ናት።

አስካል ስድስት ዓመቷ ነው። ጉንጯ ድብልብል ያለ፣ ክንዷ የሞላ። ከሌሎቹ አብልጣ የምትበላ አይደለችም፤ አፈጣጠሯ ነው። እናቷ ብርቅነሽ «ውሃ ጠጥታ የምትወፍር» ትላታለች። ሌላው ልጅ ሲርበው ያለቅሳል፣ ይከሳል። አስካል ስትራብ ዝም ትላለች። ዝምታዋን የምታውቀው ትርንጎ ናት፤ አባ ሐቁ ዝምታ አይመዝንም።

ወሬው ከትርንጎ ቀድሞ ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱበት ቦኖ ጋ ደረሰ።

«አሥራ ሦስት ከሲታ ቤትሽ ሞልቶ እሷን!» አለቻት ትርንጎን አንዷ ባልዲዋን እየደቀነች። «ባቄላውም ለሹማምንቱ ያደላል ማለት ነው?»

«ኧረ ባቄላው ምን ያድርግ፣ ጉንጯን አይቶ ትራስ መስሎት ነው!»

ሴቶቹ ሳቁ። ብርቅነሽ አሸዋ የላጠው ትከሻዋን እያሻሸች ወደ ትርንጎ ተጠጋች።

«እትዬ ትርንጎ፣ ሦስት ቀን ነው። ውሃ ብቻ ስጫት። እናቷ እኔ ፈቅጃለሁ።»

«የፈቀደው አፍሽ ነው ወይስ አንጀትሽ?»

«አንጀቴን ተይው። አሥራ ሦስቱስ የሰው ልጅ አይደሉም? በኔ ልጅ ጉንጭ የተነሳ ክረምቱን ሲራቡ ቢከርሙ፣ ከእናቶቻቸው ጋር አንድ ቦኖ ልቀዳ ነው?»

የሻረግ ከሰልፉ መጨረሻ ቆማ ነበር። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ቦኖው ጋ ቀድታ ትሄዳለች እንጂ አፏን አትከፍትም።

«እኔም አንጀቴን ተይው ብዬ ነበር» አለች።

ውሃው ባልዲው ላይ ይንኳኳል።

ትርንጎ ግን ፈራች። አሥራ አራት ሆድ ይዞ የማይፈራ ማን ነው? በመጀመሪያው የጾም ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ለአሥራ ሦስቱ የገብስ ቅንጬ ጨለፈችላቸው፣ ለአስካል ውሃ ሰጠቻት። አስካል ውሃውን ጠጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። የሌሎቹን እጅ በዓይኗ እየተከተለች ከሳህን ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ ሳህን አየች።

«እቴቴ» አለች በመጨረሻ።

«ወዬ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም፣ የኔ ዓለም።»

አስካል ትንሽ አሰበች። «ይቅርታ ብል አይሆንም?»

ትርንጎ ማንኪያውን አስቀመጠች። ከድስቱ ሥር የቀረውን የራሷን ድርሻ ጠርጋ አወጣችና ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በእጇ አጎረሰቻት። «ብዪ» አለቻት። «ማንም ከማንም ይቅርታ ጠይቆ አይበላም።»

የሚዛኑ ቀን ትርንጎና ብርቅነሽ አስካልን መሀል አድርገው ኮረብታውን ወጡ። የሻረግ አንድ ትልቅ በነጠላ የተሸፈነ ነገር በጀርባዋ አዝላ ተከተለቻቸው። ምን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

የጎተራው ግቢ በልጆች ሰልፍ ተሞልቷል። ከአስካል በቀር ሁሉም ሦስት ቀን ጾመዋል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አንዳንዱ በእናቱ ቀሚስ ተደግፎ ቆሞ ይተኛል። የእንባ ጸሐፊው በጃንጥላ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«የልጅቷን ታሪክ ንገሪኝ» አላት ትርንጎን። «አጭርና የሚያሳዝን ይሁን።»

«ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ አሸዋ ትሸከማለች።»

«አባትየውስ?»

«ጥሏቸው ሄዷል።»

«ሞቷል ልበለው? ሞት ይሻላል።»

«አልሞተማ።»

«አንቺ ሴት፣ እህል ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?» አለና በብዕሩ ገደለው።

አስካልን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጧት። ግንዱ ተንቋቋ። የአስካል ቅርጫት ቀስ እያለ ወረደ።

«ወረደች!» አለ ቅርጫት ያዡ።

ብላታ ጓንጉል ካባውን ሰብሰብ አድርጎ ቀረበ። ደግ ሰው መሆኑን ማሳየት ይወዳል። «አንቸኩል፤ ጫማዋን አውልቁላት» አለ። ጫማዋ ወለቀ። «ሹራቧን።» ሹራቧ ወለቀ፤ በስስ ቀሚስ ብርዱ ያንቀጠቅጣት ጀመር። «ማተቧን።» ብርቅነሽ ማተቡ ሲበጠስ አማተበች። ቅርጫቱ ትንሽ ከፍ አለ እንጂ አልተነሳም። ብላታ የልጅቷን ራስ ተመለከተ። ብርቅነሽ ለዚህ ቀን ብላ ግማሽ ቀን ተቀምጣ የሠራቻት ሹሩባ ነው።

«ጸጉሯን» አለ።

መቀስ መጣ። ሹሩባው አንድ በአንድ መሬት ላይ ወደቀ። ግንዱ ተነቃነቀ፣ ተነቃነቀና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እኩል ነው፣ ጌታዬ» አለ ቅርጫት ያዡ በፍርሃት።

ሹማምንቱ ተያዩ። ድንጋይ አጣቢው ድንጋዩን በጨርቅ ወልውሎ ደገመው፤ ያው እኩል ነው።

«እኩል የሚባል ነገር በሥርዓታችን የለም» አለ ብላታ። ትርንጎን በክንዷ ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ ብልህ ሴት ትመስያለሽ። ዘንድሮ ካሁኑ አራት ቤት ወርዶብናል። እህል ካልሰፈርን የባለጸጋው ወራሾች ‹እናንተ ታዲያ ምን ትሠራላችሁ?› ይሉናል። ልጅቷን ይዘሻት ውረጂ። ሦስት ቀን፣ ውሃ ብቻ። ተራሽን እይዝልሻለሁ። እኔም የልጆች አባት ነኝ፣ ይገባኛል።»

«የእርስዎ ልጆች ይመዘናሉ?»

«ምን ሲደረግ!»

ትርንጎ ክንዷን አስለቀቀች። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት። እነዚህ ሰዎች ረሃብ ያስፈልጋቸዋል። እሷ እህል እንደምትለምነው እነሱም ከሲታ ልጅ ይለምናሉ። ወደ ቅርጫቱ ተመልሳ ጮክ ብላ ጠየቀች፦

«አስካል፣ ርቦሻል?»

ልጅቷ የተሸለተ ራሷን በሁለት እጇ ሸፍና «አዎ» አለች።

«ሰሙ፣ ብላታ?»

«የልጅ ቃል ክብደት የለውም» አለ ብላታ።

በዚህ መሀል የሻረግ ጀርባዋ ላይ የነበረውን አወረደችና ነጠላውን ፈታች። ዳቦ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከአፏ እየቀነሰች ያጠራቀመችው ዱቄት ተጋግሮ።

«የልጄ ሙት ዓመት ነው» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «የጥሩወርቅን ነፍስ ይማር በሉና ብሉ።»

እየቆረሰች በሰልፉ ላይ ሄደች። መጀመሪያ እናቶቹ ፈሩ፤ የልጆቻቸውን እጅ ያዙ። የሦስት ቀን ረሃብ ግን እጁ ቢያዝም አፉ አይያዝም። አንዱ ጎረሰ። ሁለተኛዋ ነጠቀች። ወዲያው ሰልፉ ፈረሰና ሁሉም የሻረግን ከበቧት። «የራበውን ልጅ አብሉ» ከተባለ ጀምሮ በዚያ ግቢ ውስጥ ልጅ ሲበላ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ሳይመዘኑ እንዳይበሉ!» ብላታ ጮኸ። «ያዙ! አስተፏቸው! ረሃቡን አበላሹት!»

ዘበኞቹ ገቡ። ጦራቸውን ጥለው የልጅ መንጋጋ መፈልቀቅ ጀመሩ። ከአንዷ አፍ ያወጡትን ሌላዋ ከመሬት አንስታ ትውጠዋለች። የእንባ ጸሐፊው ጃንጥላውን አጥፎ ሸሸ። ብላታ ራሱ ወደ አስካል ሮጦ ቁራሿን ሊነጥቅ ጣቱን አፏ ውስጥ ከተተ። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ነከሰችው። ብላታ እንደ ፍየል ጮኸ፤ ሌላው ሹም ልጅቷን ሊመታ እጁን አነሳ፤ ትርንጎ መሀል ገባች።

«አንተ!» አለችው ብላታን። በዚያ ግቢ ሹም አንተ ተብሎ አያውቅም። «ከልጅ አፍ ፈልቅቀህ ለማን ልታበላው ነው? ለድንጋይህ?»

አስካል ጣቱን ለቀቀችና ዳቦዋን ዋጠች።

ያን ቀን ለአንድም ቤት እህል አልተፈቀደም። በሦስተኛው ቀን አዋጅ ነጋሪው ቦኖው ጋ መጥቶ ነጋሪቱን መታ።

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ዘንድሮ በታች ከተማ የራበው ልጅ እንደሌለ በሚዛን ተረጋግጧል! ባለጸጋውን አመስግኑ! ደግሞም ከነገ ጀምሮ ሴቶች እህል ለማገላበጥ ወደ ጎተራው ይውጡ። የአፍ ጨርቃችሁን እንዳትረሱ!»

በክረምት ጎተራው ይታፈናል። እህሉ በየቀኑ ካልተገላበጠ ከውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል። የሚያገላብጡት የታች ከተማ ሴቶች ናቸው፤ ግዴታ ነው፣ በነጻ። ፍሬ እንዳይቅሙም አፋቸው በጨርቅ ይታሰራል።

ትርንጎ ባልዲዋን አስቀመጠች። «አዋጅ ነጋሪ፣ ጠግባችኋል ነው ያልከን?»

«እኔ ምን ልበል፣ የተባልኩትን ነው።»

«እንግዲያው ጥጋበኛ ጨርቅ ታስሮ የሰው እህል አያገላብጥም በላቸው።»

አዋጅ ነጋሪው ሳቁ አመለጠው፣ አፉን በእጁ ያዘ። «እንዲሁ ብዬ ልናገር?»

«እንዲሁ።»

በማግስቱ አንድም ሴት አልወጣችም። በሳምንቱም።

ቀላል አልነበረም። ማድጋው ተጠርጎ አለቀ። ከወንዙ ዳር ሳማ እየለቀሙ ቀቀሉ፤ ልጆቹ ምላሳቸው እየተለበለበ በሉት። «ምን አለ ብንወጣ» የሚሉ ሴቶች ነበሩ። የሻረግ በእያንዳንዷ በር እየሄደች ቁጭ ትላለች፤ ምንም አትናገርም፣ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ እወጣለሁ የምትል አልተገኘችም።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ብላታ ጓንጉል ጣቱን በጨርቅ እንደጠቀለለ፣ ጭቃውን እየረገጠ ራሱ ወረደ። የትርንጎ በር ላይ ቆመ። ግባ ያለው የለም።

«እህሉ እየጋለ ነው» አለ።

«እሰይ።»

«ተይ እንጂ። እንተሳሰብ። ሴቶቹን ላኪልኝ፤ እኔም ልጅቷ ቀላል ነበረች ብዬ አስጽፍልሻለሁ። ለቤትሽ እህል ይሰፈራል።»

«ርቧት ነበር ብለህ አስጽፍ።»

«ርቧት ነበር የሚባል አይጻፍም። ቀላል የሚል አለ፣ ከባድ የሚል አለ። ለሌላው ቦታ የለንም።»

«ሌሎቹስ ቤቶች?»

«ስለሌሎቹ አንቺ ምን አገባሽ?»

ትርንጎ ወደ ውስጥ ዞር አለች። አሥራ አራቱም ያዩአታል፤ ሳማ የለበለበው ከንፈራቸው አብጧል። ዛሬ እሺ ብትል ነገ ገብስ አለ። ብርቅነሽ ከማድጋው አጠገብ ቆማ የልጇን የተሸለተ ራስ በመዳፏ ሸፍናለች። ትርንጎ በዓይኗ ጠየቀቻት። ብርቅነሽ ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም።

«እንግዲያው ይጋል» አለችና ትርንጎ በሩን ዘጋችው።

ጋለ። ሽታው ወንዙ ድረስ ወረደ። ሹማምንቱ ሊያገላብጡት ሞከሩ፤ አንዳቸውም መንሽ ይዘው አያውቁም፣ በእንፋሎቱ እየታፈኑ ወጡ። በነሐሴ አንድ ቀን ፀሐይ ብልጭ ስትል ጨነቃቸውና የጎተራውን በሮች ሁሉ በረገዱ። እህሉን በግቢው፣ በመንገዱ፣ እስከ ኮረብታው ወገብ ድረስ ዘረገፉት፣ እንዲናፈስ። ስንት ዘመን ተከማችቶ እንደኖረ ያን ቀን ታየ። ተራራ ነው። ከሥሩ ያለው ጠቁሯል፤ የታች ከተማ አያቶች ማሳ እህል ሳይበላ አመድ ሆኖ ነበር። የላዩ ግን ገና ደህና ነው።

ወደ ቀትር ደመናው መጣ። በስተምዕራብ ነጎደ። ብላታ ኮረብታው ጫፍ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ታች ጮኸ።

«ሴቶች! ኑ! ሰብስቡ! ዝናቡ ሳይቀድመን ሰብስቡ!»

ሴቶቹ ወጡ። ትርንጎ ፊት፣ የሻረግ ከጎኗ፣ ብርቅነሽ ጆንያ በትከሻዋ፤ ከኋላቸው ታች ከተማ ሁሉ፣ ልጆቹም ጭምር። አንዷም የአፍ ጨርቅ አላሰረችም። ዘበኞቹ ሰልፉን አይተው ወደ ብላታ ዞሩ፤ ብላታ ደመናውን እያየ «ይለፉ፣ ይለፉ!» አለ። በሁለት እጃቸው አፈሱ። በጆንያ፣ በነጠላ፣ በባልዲ፣ በቀሚስ እቅፍ። የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታ መሬት ሲነካ ኮረብታው ላይ ጥቁሩ ብቻ ቀርቶ ነበር።

አባ ሐቁ እስከ ዛሬ ቅርጫቱ ውስጥ አለ፤ ገመድ ቀይረውለታል ይባላል። ሹማምንቱም ሴቶቹ እህሉን ወዴት እንደሰበሰቡት ለማጣራት ሦስት ጉባኤ አቋቁመዋል። ለማወቅ የቸገረው ካለ፣ ጉባኤውን ከመጠበቅ ታች ከተማ ይውረድና የልጆቹን ጉንጭ ይይ።